ጁክ ለክላሶቻችን የሚሰጠውን ስም እንዴት እንቀይር?

ጥያቄ፦ «ከኦራክል ወደ ፖስትግሬስ የተዛወረ የቆየ ዳታቤዝ አለን። ቴብሎቹ ወደ 300 ይጠጋሉ። የሁሉም ስም በ‹ቲ_› ይጀምራል። ኮለሞቹ ደግሞ የቴብላቸውን ምህጻረ ቃል ከፊት ይዘዋል፤ ለምሳሌ ‹ቲ_ከስተመር› ውስጥ ‹ከስ_ኔም› እና ‹ከስ_ፎን› የሚባሉ አሉ። የጃቫውን ኮድ የምናመነጨው በጁክ (ዳታቤዙን አንብቦ የጃቫ ክላሶችን በሚጽፈው ላይብረሪ) ነው። የሚወጣው ክላስ ‹ቲከስተመር› ይባላል፤ ፖጆውም (ዳታ ብቻ የሚይዘው ተራ የጃቫ ክላስ) ያው ‹ቲከስተመር› ነው። ኢምፖርት ስናደርግ ሁሌ እንሳሳታለን። መጀመሪያ የወጣውን ፋይል በእጃችን አስተካከልን፤ በሚቀጥለው ቢልድ ጠፋ። ከዚያ የራሳችንን የስም ስትራቴጂ ክላስ (ለሚወጣው ኮድ ስም የሚያወጣ ክላስ) ጻፍን፤ ጀነሬተሩ ክላሱን አላገኘሁትም ይላል። ደግሞስ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስም ሳይለወጥ ኮዱ ላይ ብቻ ብንቀይር ኩዌሪዎቹ አይበላሹም? ወይስ የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችን ቴብሎቹን ሪኔም እንዲያደርግልን እንጠይቅ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ኩዌሪዎቹ አይበላሹም፤ ቴብሎቹንም አትንኩ።

እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉ። አንዱ የዳታቤዙ ስም ነው፤ ሌላው የጃቫው። የወጣውን የ«ቲከስተመር» ፋይል ክፈቱና እስከ ኮንስትራክተሮቹ ውረዱ። የዳታቤዙን ስም እንዳለ በጥቅስ ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ጁክ ኤስኪውኤል ሲጽፍ የሚያነበው ያንን ነው። የክላሱ ስም ለኮምፓይለሩና ለእናንተ ዓይን ብቻ ነው። «ከስተመር» በሉት፣ «ደንበኛ» በሉት፣ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው ያው «ቲ_ከስተመር» ነው። (የቴብልና የኮለም ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ ዋናዎቹን ታውቋቸዋላችሁ።)

ኤስኪውኤሉ ውስጥ ስሙ በጥቅስ ይሁን አይሁን፣ በትልቅ ፊደል ይውጣ በትንሽ፣ ስኪማው የትኛው ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች የስም ስትራቴጂ ጉዳይ አይደሉም። ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚነበቡ ሴቲንጎች ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታና ስትራቴጂ ክላስ ውስጥ ስኪማ ለመቀየር ሲታገል ይውላል።

ቴብሎቹን ሪኔም ማድረግ ለምን አልመክርም? ዳታቤዙን የሚያነበው የእናንተ ኮድ ብቻ ስላልሆነ ነው። የቆየ ዳታቤዝ ከሆነ ሪፖርቶች፣ ስቶርድ ፕሮሲጀሮች፣ ሌሊት የሚሮጡ ስክሪፕቶች አሉ፤ ማን እንደጻፋቸው የማይታወቁም አይጠፉም። ለኢምፖርት ምቾት ብሎ ያንን ሁሉ ማናጋት አያዋጣም። ደግሞ ያ ምህጻረ ቃል ዝም ብሎ የመጣ ስንፍና አይደለም። ኦራክል እስከ 12.1 ድረስ ከ30 ባይት በላይ ስም አይቀበልም ነበር፤ 128 የፈቀደው ከ12.2 ጀምሮ ነው። ፖስትግሬስ 63 ባይት ይፈቅዳል። የዛን ጊዜ ሰዎች «ከስ_» ያሉት ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ እናንተ የምትፈልጉትን ቦታ ጃቫው ላይ በነጻ ታገኛላችሁ።

የወጣን ፋይል በእጅ ማስተካከል ላይ ጊዜ አላጠፋም። ጀነሬተሩ በሮጠ ቁጥር ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ የጨመራችሁት ነገር እንደሚጠፋ እናንተም አይታችሁታል። ለውጡ የሚገባው ጀነሬተሩ ጋ ነው።

አሁን ወደ «ክላሱን አላገኘሁትም»። ኮዳችሁ ሳይሳሳት አይቀርም ብላችሁ ፈትሻችሁት ይሆናል፤ ችግሩ ግን ኮዱ ላይ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሜቨን (ፕሮጀክቱን ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ) ላይ ኮድ ማመንጨቱ የሚሮጠው ከኮምፓይል በፊት ነው። ስትራቴጂያችሁን እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ከሌላው የጃቫ ኮድ ጋር ካስቀመጣችሁት፣ ጀነሬተሩ ሲነሳ ክላሱ ገና ኮምፓይል አልተደረገም። የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ የሜቨን ፕለጊን የራሱ ክላስፓዝ (ክላሶችን የሚፈልግበት ቦታ) አለው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ስትራቴጂውን ብቻውን ትንሽ ሞጁል ውስጥ አውጡትና ቀድሞ ቢልድ ይደረግ። ከዚያ ያንን ሞጁል የፕሮጀክቱ ሳይሆን የጁክ ፕለጊኑ ዲፔንደንሲ አድርጋችሁ ጻፉት። ግሬድል የምትጠቀሙ ከሆነ እንደዚሁ ለብቻው ንዑስ ፕሮጀክት ይሁን። በቅርብ ቨርዥኖች ላይ የስትራቴጂውን የጃቫ ኮድ ራሱን ኮንፊጉ ውስጥ መለጠፍ ይቻላል፤ ለአስር መስመር ኮድ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ግን ቴስት ልትጽፉለት ስለማትችሉ አልወደውም።

ያለ ጃቫ ኮድም የሚኬድበት መንገድ አለ። ጁክ ኮንፊጉ ውስጥ ማቸር የሚባሉ ደንቦችን ይቀበላል። በሬጀክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ ደንብ) «በ‹ቲ_› የሚጀምረውን ያዝ፣ ቀሪውን ውሰድ» ትሉታላችሁ፤ ለቴብሉ ክላስ $1፣ ለፖጆው $1 ላይ «_ፖጆ» ጨምር ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ቃላቱን ገጥሞ የእያንዳንዱን መነሻ ትልቅ ፊደል እንዲያደርግ ትነግሩታላችሁ። አለቀ። ክላስፓዝ የለ፣ ሞጁል የለ። ፍላጎታችሁ የክላስ ስም ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይሄን ተጠቀሙ ብዬ እዚሁ እዘጋው ነበር።

አያበቃም ግን። «ቲ_»ው ብቅ የሚልበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው። የክላሱ ስም አለ። ኩዌሪ ስትጽፉ የምትጠሩት በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ኮንስታንት አለ። ሬከርዱ (የቴብሉን አንድ ረድፍ የሚይዘው ክላስ) አለ፣ ፖጆው አለ፣ ዳኦ (ቴብሉን የሚያነብና የሚጽፍ ክላስ) የምታስወጡ ከሆነ እሱም አለ። ከአንድ ቴብል ወደ ሌላው በፎሪን ኪይ የሚያሻግሩት ሜተዶችም አሉ። ክላሱን ብቻ ቀይራችሁ ሌላውን ከተዋችሁት «ከስተመር» የሚባል ክላስ፣ «ቲ_ከስተመር» የሚባል ኮንስታንት፣ «ቲከስተመር» የሚባል ሜተድ ይኖራችኋል። ከበፊቱ የባሰ ግራ መጋባት ነው። በዚያ ላይ 300 ቴብል ያለው ዳታቤዝ ከደንቡ የሚያፈነግጡ ስሞች አያጣም። የማፈንገጫ ዝርዝር በሬጀክስ መያዝ ከተጀመረ ኮንፊጉ ማንም የማያነበው ይሆናል። ስለዚህ ለእናንተ ክላሱ ይሻላል።

ክላሱን ስትጽፉ ከዜሮ አትነሱ። «ዲፎልት ጄኔሬተር ስትራቴጂ»ን ኤክስቴንድ አድርጉና የምትፈልጓቸውን ሜተዶች ብቻ ኦቨርራይድ አድርጉ። ለእናንተ ሦስት ይበቃሉ፦ የክላስ ስም፣ የአይደንቲፋየር እና የሜተድ ስም የሚሰጡት። እያንዳንዱ ውስጥ የመጣው ነገር ቴብል ካልሆነ፣ ወይም ስሙ በ«ቲ_» ካልጀመረ፣ ሳትነኩ ለሱፐር (ለወላጅ ክላሱ) አሳልፉት። የሜተዱ ጋ ብቻ ፎሪን ኪይም ስለሚመጣ እሱን ለይታችሁ ያዙት፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

አንድ በጣም የተለመደ ስህተት እዚህ ጋ አለ። ሰዎች ሱፐርን ጠርተው የመጣውን «ቲከስተመር» ይወስዱና የመጀመሪያዋን ፊደል ይቆርጣሉ። ለ«ቲከስተመር» ይሠራል። «ቲኬት» የሚባል፣ «ቲ_» የሌለበት ቴብል ሲመጣ ግን «ኬት» ሆኖ ይወጣል። መቁረጥ ያለባችሁ ቃላቱ ከመገጠማቸው በፊት፣ አንደርስኮሩ ገና እያለ ነው። ጥሬውን ስም በ«ጌት አውትፑት ኔም» አምጡ፣ «ቲ_»ን አንሱ፣ ከዚያ ጁክ ራሱ ያለውን ወደ ካመል ኬዝ (ቃላቱ ተገጥመው መነሻቸው በትልቅ ፊደል የሚለይበት አጻጻፍ) የሚቀይር ሜተድ ጥሩ።

ሌላው ሞድ የሚባለው ነገር ነው። የክላስ ስም የሚሰጠው ሜተድ ሁለተኛ ፓራሜትር አለው፤ አሁን ስም የምትሰጠው ለቴብሉ ነው፣ ለሬከርዱ ነው፣ ለፖጆው ነው ወይስ ለዳኦው የሚለውን ይነግራችኋል። እሱን ችላ ካላችሁ ሁሉም አንድ ስም ይይዛሉ። የተለያየ ፓኬጅ ውስጥ ስለሚወድቁ ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ አይጮህም። የእናንተ የኢምፖርት ራስ ምታት የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ዲፎልቱ ለሬከርድና ለዳኦ መለያ ቅጥያ ሲጨምር ለፖጆ አይጨምርም። ለፖጆ ሞድ ብቻ መጨረሻው ላይ «ፖጆ» ወይም የፈለጋችሁትን ጨምሩ።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ኮለሞቹ ጋ ቆም በሉ።

መጀመሪያ የምታስቡት ደንብ «እስከ መጀመሪያው አንደርስኮር ያለውን ቁረጥ» የሚል ነው። «ከስ_ኔም» «ኔም» ሆነ፣ ጥሩ። ከዚያ ማንኛውም ቴብል ላይ የማይጠፉት ይመጣሉ፦ «ክሪኤትድ_አት»፣ «አፕዴትድ_አት»፣ «ዲሊትድ_አት»። ሦስቱም «አት» ይሆናሉ። ይሄ እድለኛ ስትሆኑ ነው፤ አንድ ክላስ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ስም ስለሚሆን ኮምፓይል አያደርግም፣ ወዲያው ታያላችሁ። «ስታርት_ዴት» ብቻውን ያለበት ቴብል ላይ ግን «ዴት» ብሎ በሰላም ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን መሆኑ ከስሙ ጠፋ፤ ማንም አላስተዋለም። መቁረጥ ካለባችሁ በግምት ሳይሆን በዝርዝር ይሁን፦ ይሄ ቴብል ምህጻሩ «ከስ» ነው፣ ያኛው «ኦርድ» ነው እያለ የሚናገር ማፕ። ኮለሙ የየትኛው ቴብል እንደሆነ ከዴፊኒሽኑ ላይ ይገኛል፤ ምህጻሩ ሲገጥም ብቻ ቁረጡ።

ከዚህ የባሰው ኮምፓይለሩ የማያየው ነው። አንድ ጊዜ ራሴን አሞኝቶኛል። የኮለሞቹን ምህጻር ቆረጥኩ፣ ኮዱ ወጣ፣ ኮምፓይል አደረገ፣ ኤስኪውኤሉ ትክክል ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን የደንበኛው ስም ባዶ። ኩዌሪውን ዳታቤዙ ላይ ሳስሮጠው ስሙ ይመጣል፤ ፖጆው ውስጥ ግን ናል ነው። ምንም ኤረር የለም፣ ሎግ ላይም የለም። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ውጤቱን ወደ ፖጆ ስታስገቡ የጁክ ዲፎልት ማፐር (ኮለሞቹን ከፖጆው ፊልዶች ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ስትራቴጂያችሁን አያውቀውም። ስትራቴጂው የሚሠራው ኮድ ሲመነጭ ነው፤ ማፐሩ የሚሠራው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ማፐሩ የሚያየው የኮለሙን ስም ነው፣ «ከስ_ኔም»። ከዚያ ፖጆው ላይ በዚያ ስም ወይም ወደ ካመል ኬዝ በተቀየረው ስም ፊልድ ወይም ሴተር ይፈልጋል። እናንተ «ኔም» ብላችሁታል። አያገኘውም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዲፎልት ኮንስትራክተርና ሴተር ያለው ተራ ፖጆ ላይ ፊልዱ ናል ሆኖ ይቀራል። በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ ነው፤ ከፖጆ ወደ ሬከርድ ስትመልሱ ያ ኮለም ሳይሞላ ይቀራል።

መፍትሔው ጀነሬተሩ ፖጆዎቹ ላይ የጄፒኤ አኖቴሽን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። ኮንፊጉ ላይ አንድ መስመር ናት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊልድ «እኔ የዚህ ኮለም ነኝ» የሚል ምልክት ይይዛል፤ ማፐሩም በስም ከመገመት በምልክቱ ይሄዳል። ተጠንቀቁ፦ በአዳዲስ ቨርዥኖች ይሄን አኖቴሽን የሚያነበው ክፍል ከዋናው ላይብረሪ ወጥቶ ለብቻው ሞጁል ሆኗል። አኖቴሽኑን አስወጥታችሁ ያንን ሞጁል ካልጨመራችሁ ወደ ናሉ ተመለሳችሁ። ስለዚህ የኮለም ስም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ቴስት ጻፉ፤ አንድ ረድፍ ያስገባ፣ ወደ ፖጆ ያንብብ፣ ሁሉም ፊልድ መሞላቱን ያረጋግጥ።

የፎሪን ኪይ ሜተዶችን ጠቅሼ ነበር። በሁለት ቴብሎች መካከል አንድ ፎሪን ኪይ ብቻ ካለ ጁክ ሜተዱን በተጠቀሰው ቴብል ስም ይሰይመዋል፤ የሜተዱን ስም ስትሰጡ ይሄን ካልያዛችሁ «ቲ» እዚያ ይቀራል። ሁለት ሲሆኑ፣ ለምሳሌ አንድ ትዕዛዝ ከፋዩንም ተቀባዩንም ለመያዝ ሁለት ጊዜ «ቲ_ከስተመር»ን ሲያመለክት፣ ስሙን ከኮንስትሬንቱ ይወስዳል። ኦራክል ላይ ስም ያልተሰጠው ኮንስትሬንት በ«ሲስ_ሲ» የሚጀምር ቁጥር ይወጣለታል። ዝውውሩ ያንን ስም ይዞት መጥቶ ከሆነ ኮዳችሁ ላይ በቁጥር የሚጠራ ሜተድ ታያላችሁ። ቁጥሩ ደግሞ ሲስተሙ ያወጣው ስለሆነ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ሌላው ላይ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ዳታቤዙን አትንኩ ያልኩትን እዚህ ላይ ብቻ እሽራለሁ። ለእነዚህ ኮንስትሬንቶች ትርጉም ያለው ስም ይሰጣቸው። ኮንስትሬንት ሪኔም ማድረግ ዳታ አይነካም፤ ሰሌክት የሚያደርግ ኩዌሪም በኮንስትሬንት ስም አይሄድም። የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችሁን ውለታ የምትጠይቁት ለዚህ ይሁን።

ስም መጋጨት ሁለተኛው የምጠረጥረው ነገር ነው። «ቲ_ኦርደር» የሚባል ቴብልና «ኦርደር» የሚባል ቪው ካለ፣ «ቲ_»ው ሲነሳ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። 300 ስም በዓይን አታጣሩም፤ ስትራቴጂያችሁ ላይ የሰጣችሁትን ስም ሁሉ ሴት ውስጥ እየያዘ ሲደገም በግልጽ መልእክት የሚያቆም ቴስት ይኑራችሁ። ሴቱ ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለይ ይሁን። ዊንዶውስና ማክ ላይ የፋይል ስም በተለምዶ ያንን ስለማይለይ፣ በአንድ ፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ክላሶች አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። ሊነክስ ላይ ግን ሁለቱም በሰላም ይኖራሉ። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስታደርጉ ሎኬል (የቋንቋና የአገር ሴቲንግ) ግለጹ። የማሽኑ ሎኬል ቱርክኛ ከሆነ ጃቫ ትልቁን «አይ» ነጥብ የሌለው ትንሽ «አይ» ያደርገዋል። ከአንድ ዳታቤዝ ሁለት ማሽን ላይ ሁለት የተለያየ ኮድ ወጣ ማለት ነው። የጁክ ኮንፊግ ላይ ሎኬል የሚሞላበት ቦታ አለ፤ የእናንተ ክላስ ውስጥ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትጽፉት።

ስትራቴጂ የማይፈታውም አለ። ፖስትግሬስ ላይ ቴብል ሲፈጠር ስሙ በጥቅስ ካልተጻፈ ሁሉም ወደ ትንሽ ፊደል ይወርዳል። ሰውዬው «ዩዘር» እና «አካውንት»ን በትልቅ ፊደል እየለየ ገጥሞ ቢጽፈውም ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ወጥ ቃል ነው። ጀነሬተሩ ቃሉ የት ላይ እንደሚከፈል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ምንም ሬጀክስ አይመልሰውም። እንዲህ ያሉትን ከደንቡ የሚያፈነግጡ ስሞችን ወደሚይዝ ማፕ በእጅ ከማስገባት ሌላ ዘዴ የለም።

ጁክ የማይጠቀሙ አንባቢዎችም ሐሳቡ ያው ነው፣ በሩ ብቻ ይለያያል። ማይባቲስ ጀነሬተር ለክላስም ለኮለምም ፈልግ-ተካ ደንብ በኤክስኤምኤል ይቀበላል። የጎ ሰዎች ኤስኪውኤልሲ ኮንፊግ ላይ ሪኔም የሚባል ክፍል አላቸው። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ላይ የዳታቤዙን ስም እንዳለ ተው የሚል ኦፕሽን አለ፤ ከቨርዥን 7 ጀምሮ ደግሞ ቴምፕሌቱን ራሱን መቀየር ይቻላል።

እንግዲህ በእናንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ስትራቴጂውን ወደ ለብቻው ሞጁል አወጣለሁ፤ ምንም ሳይቀይር ዲፎልቱን ብቻ ኤክስቴንድ አድርጎ መሮጡን አያለሁ። ከዚያ «ቲ_»ን ከክላሱ፣ ከኮንስታንቱና ከሜተዱ በአንድ ጊዜ አነሳለሁ፤ ለፖጆው ቅጥያ እጨምራለሁ። ይሄ የእናንተን የየቀን ችግር ይፈታል። ለውጡን ሌላ ሥራ ሳይቀላቀልበት በአንድ ኮሚት አስገባዋለሁ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ፋይል ስለሚነካ ከሌላ ነገር ጋር ከተደባለቀ ማንም ሪቪው አያደርገውም። የቡድኑ ሰው ሁሉ የጀመረውን ብራንች ቀድሞ ያስገባ።

ኮለሞቹን ግን በዚህ ዙር እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። «ጌት ከስ ኔም» አያምርም፣ ግን ይነበባል፣ ዳታቤዙ ላይ ስትፈልጉትም በስሙ ታገኙታላችሁ። የማፐሩ ቴስት ከተጻፈና አኖቴሽኑ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ፣ አሁንም ዓይናችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ከአንድ ቴብል ጀምሩ።